ሁለተኛው የስፌት መኪና

በሐጂ ዑመር ልብስ ስፌት ቤት ሴት ደንበኛን የሚለካ ወንድ የለም። ሴትየዋ ሜትሩን ይዛ ከመጋረጃው ኋላ ትገባለች፣ ራሷን ትለካለች፣ ቁጥሩን ጮክ ብላ ትናገራለች፤ እኛ ከወዲህ ሆነን በደብተር እንጽፋለን። ድሬዳዋ ውስጥ ከመጋላ እስከ ከዚራ ያሉ ባሎችና አባቶች ሐጂን የሚያምኗቸው ስለዚህ ነው። እኔም ይህን ደንብ ከማንም በላይ እወደው ነበር። እንኳን ሴት ልለካ፣ "ምን ልታዘዝ?" ብዬ ፊቷን ማየት የሚያስጨንቀኝ ሰው ነኝ።

ሸዋገነትንም መጀመሪያ ያወቅኋት በድምጿ ነው። አምና፣ የፋሲካ ቀሚስ ልታሰፋ መጥታ።

"ጻፍ!" አለች ከመጋረጃው ኋላ። "ደረት ሰማንያ ስድስት። ወገብ ስልሳ አራት… ቆይ ቆይ፣ ምሳ በልቼ ነው የመጣሁት። ስልሳ ሦስት በል።"

ከጎኔ የሚሰፋው ቡራሌ መኪናውን አቁሞ ሳቀ። እኔ ስልሳ አራት ብዬ ጻፍኩ።

"ስልሳ ሦስት አልክ?"

"ስልሳ አራት" አልኩ። ድምፄን ራሴም በደንብ አልሰማሁትም።

ከመጋረጃው ኋላ ሳቀች። ከዚያ "እሰይ! የማይዋሽ ልብስ ሰፊ አገኘሁ" አለችና ጭንቅላቷን ብቻ በመጋረጃው ጠርዝ አውጥታ አየችኝ። ዓይኔን ደብተሩ ላይ ተከልኩ። ጆሮዬ እንዴት እንደቀላ ቡራሌ ሳምንት ሙሉ ሲያወራው ከረመ።

ጥሩሰው እባላለሁ። እናቴ ይርገዱ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ናት፤ አባቴን አላውቀውም። ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ ሐጂ ዘንድ ከገባሁ አሥር ዓመቴ ነው። የሸዋገነት አባት አቶ ወልደማርያም ግን የምድር ባቡር ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ናቸው። ጠዋት ጠዋት በካኪ ኮታቸው ላይ ሰዓታቸውን በሰንሰለት አንጠልጥለው ከከዚራ ሲወጡ፣ ባለ ጋሪዎች ሳይቀሩ ከመንገድ ገለል ይሉላቸዋል። ልጃቸውን ካቶሊኮቹ መነኮሳት ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛና ጥልፍ ያስተማሩት ለአንድ ሹም ቤት አስበዋት ነው። ለልብስ ሰፊ ያሰባት አልነበረም።

ታዲያ ደብዳቤ እንዴት ተጻጻፋችሁ? ትሉኝ ይሆናል። በዚያ ዓመት የአቶ ወልደማርያም ኮት ቁልፍ አልበረክትለት አለ። በየሳምንቱ አንድ ቁልፍ ይበጠሳል፤ የቤት ሠራተኛቸው ኮቱን ታመጣለች፤ በውስጥ ኪሱ አንድ የታጠፈ የሸዋገነት ወረቀት ይገኛል። እኔም ቁልፉን ሰፍቼ፣ የራሴን ወረቀት ከትቼ እመልሳለሁ። ሐጂ አንድ ቀን ኮቱን አገላብጠው አይተው፣ "ይህ ሰውዬ ምን እየበላ ነው እንዲህ የሚወፍረው?" ብለው ጠየቁኝ።

ፊት ለፊት መናገር ያቃተኝን ሁሉ እጽፍላት ነበር። ሦስት ጊዜ ጽፌ፣ አንድ ፊደል እንዳይሳሳት አይቼ ነበር ኪስ ውስጥ የማስገባው። አንድ ቀን ለማንም ያልነገርኩትን ምኞቴን ጻፍኩላት፦ የራሴን ልብስ ቤት መክፈት። እንደ ሐጂ ያለውን አይደለም። እናቴ ለቀሚስ የሚሆን ፖፕሊን ከገዛች ሁለት ዓመት አልፏታል፤ ጨርቁ አሁንም ሳጥን ውስጥ ነው። ልክ ለመስጠት አንድ ቀን፣ ለሙከራ አንድ ቀን፣ ለመውሰድ አንድ ቀን። በተራ የምትገባ የፋብሪካ ሴት ያን ሁሉ ቀን ከየት ታመጣዋለች? ልብሱ አስቀድሞ ተሰፍቶ፣ በትንሽ፣ በመካከለኛና በትልቅ ልክ ተሰቅሎ ቢጠብቃትስ? ከሥራ ስትወጣ ለብሳው ቤቷ ብትገባስ?

መልሷ ሳምንት አልቆየም። ኮቱ በማግስቱ ሁለት ቁልፍ ተበጥሶበት መጣ።

"ጥሩሰው፣" ይላል ወረቀቱ፣ "አስበህ ትሰፋለህ፤ እሱን አምንሃለሁ። ግን ቀሚሱ ብብቷን የያዛት ሴት ለማን ትናገራለች? ላንተ? አንተ ቀና ብለህ እስክታያት እሷ ታረጃለች። ሁለት መኪና ግዛ። ሁለተኛው ላይ እኔ እቀመጣለሁ። ጥልፉም፣ የቁልፍ ቤቱም፣ መጋረጃውም የኔ ነው። አባባን አልፈራም። ቆይ፣ እፈራለሁ። ግን እመጣለሁ።"

ገዛሁ። አንዱን እዚሁ፣ ሁለተኛው ደግሞ ከጅቡቲ በባቡር የመጣ፣ ወርቃማ ቀለሙ የተፋቀ፣ ሲረገጥ ግን ቅቤ የሆነ ነው። የፋብሪካ ሴቶች ወደ መጋላ በሚያልፉበት መንገድ፣ ከደቻቱ ወንዝ ዳር፣ በረንዳ ያላት አንዲት ክፍል ተከራየሁ። የንግድ ፈቃድ ላወጣ ስሄድ ጸሐፊው ድምፄ አልሰማ ብሎት፣ "ጮክ በል እንጂ፣ ሱቅ ልትከፍት ነው ወይስ ሱቅ ልትዘርፍ?" አለኝ። የሆነው ሆኖ ፈቃዱ ወጣ። ሸዋገነት የሦስት ቀሚስ ሞዴል ሥላ ላከችልኝ። ከገና በኋላ ልንከፍት ቆረጥን።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ አቶ ወልደማርያም ራሳቸው ሐጂ ቤት መጡ። በወረቀት የተጠቀለለ ነጭ ሳቲን ይዘዋል።

"ለልጄ ነው" አሉ። "ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ ነው። ከአዲስ አበባ ጥሩ ሰው ተገኝቷል። ልኳም ይኸውና።" አንድ ቁራጭ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

ሐጂ ወረቀቱን ወደኔ ገፋ አደረጉት። ደረት ሰማንያ ስድስት። ወገብ ስልሳ አራት። ዳሌ ዘጠና ሁለት።

ሌላ ሰው ቢያየው ቁጥር ነው። እኔ ድምፅ ሰማሁ። "ቆይ ቆይ፣ ምሳ በልቼ ነው የመጣሁት" የሚል ድምፅ።

አንዲት ጥያቄ ነበር የምታስፈልገኝ። አቶ ወልደማርያም ሌላ ሴት ልጅ እንዳላቸው አውቃለሁ፤ ታላቂቱ የኔነሽ አዲስ አበባ ነርስ ናት። ሸዋገነት ስለ እሷ ብዙ ጽፋልኛለች። "ለየትኛዋ ልጅዎ ነው?" ብል አለቀ። ግን ልብስ ሰፊ ቁጥር ያምናል፤ እኔ ደግሞ አፌ ታስሯል። ሳቲኑን ተቀብዬ አጣጠፍኩት። እጄ ሲያጣጥፍ ልቤ አብሮ ሲታጠፍ ይሰማኝ ነበር።

በዚያው ቀን ጻፍኩላት። ይህን ደብዳቤ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጻፍኩት።

"ለወይዘሪት ሸዋገነት ወልደማርያም። እንኳን ደስ ያለሽ። የሠርግ ልብስሽን የምሰፋው እኔ ነኝ፤ ሥራዬ ነውና በጥንቃቄ እሰፋዋለሁ። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሰው በረንዳ ላይ መኪና የሚያስረግጥሽ አይመስለኝም፤ ስለዚህ ሁለተኛውን መኪና ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ። ከእንግዲህ ቁልፍ አትበጥሺ፤ ኮቱ ያሳዝናል። ጥሩሰው።"

ኮቱ እስኪመጣ መጠበቅ አልቻልኩም። ቴምብር ለጥፌ በፖስታ ላክሁት። የፖስታ ሳጥኑ የአባቷ መሆኑን፣ መክፈቻውም ከሰዓታቸው ሰንሰለት ጋር እንደሚንጠለጠል ያሰብኩት ፖስታው ከእጄ ካመለጠ በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ ኮት አልመጣም። አቶ ወልደማርያም በፊታችን ሲያልፉ አየኋቸው፤ ኮታቸው ላይ አንድም የጎደለ ቁልፍ አልነበረም። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ቁልፍ ጠልቼ አላውቅም።

"ልትከፍት ነው ሲሉ የሰማሁት ሱቅህ ምን ደረሰ?" አሉኝ ሐጂ።

"ተውኩት።"

"አልሐምዱሊላህ! ሳይለኩ የሚሰፉት ልብስ የሬሳ ከፈን ብቻ ነው፤ እሱንም ለባሹ ስለማያማርር ነው" አሉና በረጅሙ ሳቁ። ቡራሌ ግን አልሳቀም። አየኝና ወደ ሥራው ተመለሰ። ያ ከሐጂ ሳቅ ይበልጥ አመመኝ።

ከገና በኋላ ባለው ዓርብ ሸዋገነት ከእናቷ ጋር ለሙከራ መጣች። እናቷ ዳንቴል ሊመርጡ ከሐጂ ጋር ፊት ለፊት ቀሩ። እሷ ነጩን ልብስ ይዛ ከመጋረጃው ኋላ ገባች። በሙከራ ጊዜ ለእኛ የተፈቀደልን ጠርዙ ላይ ስፒል መሰካት ብቻ ነው። ስለዚህ ስፒሎቼን በከንፈሬ ይዤ፣ መሬት ላይ ተንበርክኬ ጠበቅኋት።

መጋረጃው ተከፈተ። በመጀመሪያ ያየሁት የሳቲኑን ጠርዝ ነው። በእጄ የሰፋሁት፣ ክሩን ሁሉ የማውቀው ጠርዝ። እሱን ይዤ ቀና ሳልል መስካት ጀመርኩ።

"ቀና በል" አለች በሹክሹክታ።

ቀና አልኩ። ነጭ ለብሳ ቆማለች። እንደዚያ ስትቆም ምን እንደምትመስል ለመናገር ዛሬም ቃል የለኝም። ፊቷ ግን የሙሽራ ፊት አልነበረም። ሊማታ የተነሣ ሰው ፊት ነበር።

"'ላንቺ ነው ወይ' ብሎ መጠየቅ ስንት ቃል ነው?"

አፌ ስፒል ሞልቷል።

"ሦስት ቃል!" አለች። "ሦስት ቃል ጠፍቶህ ነው? የምታገባው የኔነሽ ናት። የምትመጣው ለሠርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። እኔና እሷ በአንድ ልብስ ነው ያደግነው፤ ስለዚህ የኔን ልክ ሰጠሁላት። ሽማግሌ የመጣው እሑድ ነበር። ማክሰኞ ይህን ልጽፍልህ የአባባን የኮት ቁልፍ በጥርሴ እየበጠስኩ ነበር። አንተ ቀደምከኝ።"

"እ…" አልኩ በስፒሎቹ መሐል።

"አባባ ደብዳቤህን ምሳ ላይ ለእማማ አነበቡላት። ጮክ ብለው። ሲጨርሱ ምን እንዳሉ ታውቃለህ? 'አንድ ፊደል አልሳተም፤ ምን ያደርጋል፣ ልብስ ሰፊ ነው።' ከዚያ ሁለተኛው መኪና ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ሁሉንም። በማግስቱ የባቡር ቲኬት ተቆረጠልኝ። ሠርጉ ባለፈ ሰኞ ከየኔነሽ ጋር አዲስ አበባ እሄዳለሁ። እዚያ ቢሮ ያስገቡኛል፣ ከዚያም ለእኔም ጥሩ ሰው ይፈልጉልኛል።"

ስፒሎቹን እጄ ላይ ተፋሁ። "ይቅርታ" አልኩ።

"ይቅርታህን ኋላ እቀበልሃለሁ። ሱቁስ?"

"ተውኩት።"

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች፤ ጠርዙ ከጣቴ ተመነጨቀ። "በማን ፈቃድ?"

መዳፌን ስፒሎቹ ላይ ጨበጥኩ።

"ያ ሱቅ ያንተ ብቻ መሰለህ? ሞዴሉን ማን ሣለው? ስንት ቁልፍ በጥርሴ በጠስኩለት! በማን ፈቃድ ነው የተውከው?"

"ያላንቺ ምን አደርገዋለሁ?"

"ትከፍተዋለህ። ሰኞ፣ ባቡሩ በሚሄድበት ቀን። እኔ ብመጣም ባልመጣም ትከፍተዋለህ። አንዲት ልጅ ቀረችበትና ዘጋው እንዲባል አልፈልግም። አዲስ አበባም ሆነ ገሃነም ብሆን፣ እዚህ ከተማ ውስጥ እኔ የሣልኩት ቀሚስ ተሰቅሎ እንዳለ ማወቅ እፈልጋለሁ። ሰማኸኝ?"

"ሸዋ!" ሲሉ እናቷ ተጣሩ። "ጨረስሽ?"

"ጨርሻለሁ እማማ!" አለች። ዓይኗ ዕንባ ሞልቶበት ሳለ አገጯን ቀና አድርጋ ነበር የምታየኝ። መጋረጃው ሲዘጋ አሁንም ተንበርክኬ ነበር። መዳፌ ውስጥ የያዝኳቸው ስፒሎች ወግተውኝ ደም ወጥቶኛል፤ ሕመሙ ግን ደስ የሚል ሕመም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሐጂ ፊት ቆምኩ።

"ሰኞ ከሠርጉ በኋላ ሱቄን እከፍታለሁ።"

"ተውኩት አላልክም?"

"ተሳስቼ ነው።"

"አሁን ደግሞ አለመሳሳትህን በምን አወቅህ?"

"አላወቅሁም። ግን እከፍታለሁ።"

ሐጂ መቀሳቸውን አስቀመጡ። "ይህን የምትናገረው አንተ ነህ? አሥር ዓመት ሙሉ ካንተ አፍ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም።"

"ወሪያ፣ አንተ!" አለ ቡራሌ ከወንበሩ ተነሥቶ። "መጋረጃው ኋላ ሌላ ሰው አለ እንዴ? ቆዩ ልይ!" እውነትም ሄዶ መጋረጃውን ገለጠ።

"ሂድ" አሉኝ ሐጂ በመጨረሻ። "ግን እወቅ፤ ስትወድቅ ማንም እንዳላየህ አድርገህ ተመለስ፤ እኔም እንዳላየሁ እሆናለሁ።"

"አልመለስም ሐጂ" አልኩ። ክፉ ለመናገር አልነበረም። እሳቸውም የተቀየሙ መስለው ወደ ጨርቃቸው ዞሩ። ሳልወድ ዓይኔ ረጠበ፤ አባቴን ተሰናብቼ ብሆን ከዚህ በላይ የምከፋ አይመስለኝም።

ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ ሆነ። እኔ በዚያን ሰዓት በረንዳዬ ላይ ነበርኩ። አሥራ ሁለት ቀሚስ በሦስት ልክ ሰፍቼ ጨርሼ፣ ሁለተኛውን መኪና ዘይት ቀብቼ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሬ አኖርኩት። ከሸዋገነት ምንም ቃል አልመጣም።

ሰኞ ማለዳ ሱቁን ከፈትኩ። ከሌሊት ተራ የወጡ ሴቶች ጥጥ በሻሻቸው ላይ እንደተለጠፈ በመንገዱ መጡ። ቀሚሶቹን አዩ፤ ቆሙ፤ ዳሰሱ። እናቴ ደግሞ ለጠዋት ተራ እየሮጠች ነበር። ገበያተኛ መስላ አንዱን ቀሚስ ከፍ አድርጋ አየችና በጆሮዬ፣ "ልጄ፣ ተናገር እንጂ! ከልብሱ ጋር አንደበትህንም ሰቀልከው?" ብላ አለፈች።

"ወላሂ ያምራል" አለች ፋዱማ የምትባል ረጅም ልጅ፣ አረንጓዴውን ደረቷ ላይ አስደግፋ። "ልሞክረው ብልስ? መጋረጃው ውስጥ አብረኸኝ ልትገባ ነው?"

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። "አቦ ተይው፣ ላብ በላብ ሆነ እኮ!" አለች ሌላዋ።

አንዷም ልብስ አልገዛችም። በመንገዱ ማዶ ሐጂና ቡራሌ ቆመው ያያሉ። ሐጂ ለመሳቅ እንደመጡ ገባኝ፤ ግን አይስቁም ነበር።

ያን ጊዜ ከለገሃር በኩል ባቡሩ ጮኸ። አንድ ጊዜ፤ ሁለት ጊዜ። ከዚያ ብረቱ ሲንቀሳቀስ ተሰማ። ድሬዳዋ ተወልጄ ያደግኩ ነኝና ያን ድምፅ በቀን ስንት ጊዜ እሰማዋለሁ፤ ያን ዕለት ግን በደረቴ ላይ ነው ያለፈው። የባዶውን መኪና ጎማ በእጄ ያዝኩ። እሷ ብትሄድም አልዘጋም፤ ነገም እከፍታለሁ፤ ከነገ ወዲያም። ይህን ለራሴ እየማልኩ ነበር።

"ያላ፣ መንገድ ልቀቁ!" አለ አንድ ድምፅ።

ጋሪ ነው። ፈረሱ ላብ አጥምቆታል። ከኋላው ሻንጣዋን ጭና፣ የመንገድ ልብሷን ለብሳ፣ ሸዋገነት ተቀምጣለች። ጋሪው ሳይቆም ወረደች። ሻንጣዋን በረንዳው ላይ ወረወረችና ሻሿን ወደ ኋላ አሰረች።

"ልብስ ልትሞክር የነበረችው ማናት?"

"እኔ" አለች ፋዱማ።

"ነይ ግቢ። እናንተም ተራ ያዙ፤ ሥራ አለን።"

ከመጋረጃው ኋላ ሳቅና ሹክሹክታ ተሰማ። "ትከሻዋን ያዛት፤ ትልቁን ስጠኝ!" አለች፤ ሰጠኋት። ፋዱማ አረንጓዴ ቀሚሷን ለብሳ ወጣችና በመንገዱ መሐል አንድ ጊዜ ዞረች። ሴቶቹ እልል አሉ። ከዚያ በኋላ እጄ አልበቃ አለኝ። ሸዋገነት ሁለተኛው መኪና ላይ ተቀምጣ የአንዲቱን ጠርዝ ስታሳጥር፣ የመኪናዋ ድምፅ ከድምፄ በላይ ይናገርልኝ ነበር።

አቶ ወልደማርያም በእግራቸው መጡ። ጫማቸው አቧራ ለብሷል። ሰንሰለቱ ከኪሳቸው ወጥቶ ይወዛወዛል። ሴቶቹ ግራና ቀኝ መንገድ ከፈቱላቸው።

"ተነሺ።"

መኪናው አልቆመም።

"ሸዋገነት፣ ሰው ያይሻል።"

"ይየኝ አባባ። ባቡሩ አጠገብ ቆሜ ነግሬዎታለሁ፤ ወደ ሥራዬ ነው የምሄደው ብያለሁ።"

"ሥራ! የወልደማርያም ልጅ በረንዳ ላይ ተቀምጣ መኪና ትርገጥ? ለዚህ ነው ያስተማርኩሽ?"

"ጥልፉን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ሳጥን ውስጥ ልከተው ነበር?"

አቶ ወልደማርያም ወደኔ ዞሩ። "አንተ ጸሐፊ! ጉብዝናህ በወረቀት ብቻ ነው? አንደበት የለህም?"

የያዝኩትን ቀሚስ አስቀምጬ ፊታቸው ቆምኩ።

"አለኝ" አልኩ። "በደብዳቤዬ ልጅዎን ያለ ጥፋቷ ወቅሻታለሁ። እሷን ይቅርታ ጠይቄያለሁ፤ እርስዎንም እጠይቃለሁ። ስለ በረንዳው ግን ይቅርታ አልጠይቅም። እናቴ እዚያ ፋብሪካ ጨርቅ ስትሸምን ውላ ለራሷ የምትለብሰው የላትም። እኔና ልጅዎ የምንሠራው ለእነዚህ ሴቶች ነው፤ የሚያሳፍር ነገር አላየሁበትም። ልጅዎን አልሰረቅሁም። ሰው ሁሉ በሚያይበት፣ በጠራራ ፀሐይ ነው የተቀመጠችው። ሽማግሌ እልካለሁ። ቢመልሱት ደግሜ እልካለሁ። እርስዎ መመለስ እስኪሰለችዎ እልካለሁ።"

ይህን ያህል በአንድ ትንፋሽ ተናግሬ አላውቅም። መኪናው ቆመ። ሸዋገነት እጇን ጨርቁ ላይ አድርጋ ታየኛለች።

"ማንን ነው የምትልከው?" አሉ አቶ ወልደማርያም። "አባት የለህ፣ ወገን የለህ።"

ዓይኔ ራሱ መንገዱን ተሻገረ።

"እኔን ምን ታየኛለህ?" አሉ ሐጂ ዑመር ከማዶ። ሆኖም መንገዱን ተሻገሩ። ፂማቸውን እያሻሹ መጥተው ከአቶ ወልደማርያም ጎን ቆሙ። "ወልደማርያም፣ ምድር ባቡር ሥራ ስትገባ የመጀመሪያውን ኮትህን የሰፋሁልህ እኔ ነኝ። ይህ ልጅ ጥሎኝ ሄዷል፤ ተቀይሜዋለሁ። ሳይለኩ መስፋትም ሞኝነት ነው፤ ዛሬም እላለሁ። ለሽምግልናው ግን እሑድ እቤትህ እመጣለሁ። በር ብትዘጋብኝ በረንዳህ ላይ እቀመጣለሁ። ወንበር ስጠኝ አልልህም፤ ቡራሌ ያመጣልኛል።"

"ለእኔም አንድ እጨምራለሁ" አለ ቡራሌ።

አንዲት ሴት ሳቀችና አፏን ያዘች። አቶ ወልደማርያም አልሳቁም። ልጃቸውን ብዙ አዩዋት፤ ጨርቁ ላይ ያሉትን እጆቿን። ከዚያ ድምፃቸው ትንሽ ተሰብሮ፣ "ማታ ቤት ትገቢያለሽ?" አሏት።

"የት እሄዳለሁ አባባ? ቤቴ አይደል?"

ዞረው ወደ ከዚራ ሄዱ። እሺም እምቢም አላሉንም። ከኋላቸው ሳያቸው አሳዘኑኝ፤ ቢያሳዝኑኝም ከተናገርኩት አንዲት ቃል አልመለስኩም።

ሸዋገነት መኪናውን ልትረግጥ ስትል ክሩ ተበጠሰ። በመርፌው ቀዳዳ ልታስገባው ሞከረች፤ እጇ እንቢ አላት። "ስጪኝ" ብዬ ተቀበልኳት፤ በኔም እጅ ክሩ ቀዳዳውን ሁለት ጊዜ ሳተ።

"ፈርተሃል?"

"አዎ።"

"እኔም" አለች። "ባቡሩ አጠገብ ያን ያህል አልፈራሁም ነበር። አሁን ነው የመጣብኝ።" ከዚያ ሁለታችንም ሳናስበው፣ ዕንባችን እየወረደ ሳቅን።

"አቦ አምጡት ወዲህ!" አለች ፋዱማ። ክሩን ነጥቃ፣ ጫፉን በከንፈሯ አርሳ፣ በአንድ ጊዜ አስገባችው። "እናንተ ናችሁ ድሬን የምታለብሱት? አብሽሩ እንጂ!"

ሸዋገነት እግሯን መርገጫው ላይ አደረገች፤ እኔም በመኪናዬ ተቀመጥኩ። ከከዚራም ከመጋላም የሚያልፈው ሁሉ ቆም ብሎ ያየን ነበር። ሁለቱ መኪኖች አንድ ላይ ተነሡ። ተዉ የሚለን ሰው በመሐሉ ኖሮ ይሆናል፤ ቢኖርም አልሰማነውም።